ውጤቱ ሳይወጣ ተሰነባበቱ

ሰኔ ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ምርቃት ይሆናሉ። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፣ እኔ ጎንደር ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ቤተ መጻሕፍት 27 ዓመት ሠርቼ ካቻምና ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከመጡት ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሴም ይረዝማል። ታገሡኝ።

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። የአራተኛ ዓመት የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። ጂሲ፣ ተመራቂ ነኝ ማለት ነው። ቤተሰቦቼ ወላይታ ሶዶ ናቸው። ከጎንደር ለመውጣት አንድ ወር አልቀረኝም።

ሰሞኑን ሌሊት እነቃለሁ። ዶርማችን ስድስት ነን። በጨለማ የአምስቱን ትንፋሽ እሰማለሁ። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን በሕልሙ እንደሚያወራ ሳላይ አውቃለሁ። ከዚያ “ይሄ ሊያልቅ ነው” የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ እንቅልፌ ይጠፋል። ቀን ደግሞ ጓደኞቼ የሚያወሩት ስለ ሱፍና ስለ ፎቶ ነው። እኔ መሰነባበት አልችልበትም። ከቤት ስመጣም እንዳላለቅስ ብዬ እናቴን ሳላቅፋት ነው መኪና ውስጥ የገባሁት።

ሦስት ሰዎች አሉብኝ። አንዱ የጎኔ አልጋ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ ለቲቲፒ፣ በቡድን ገጠር ወጥተን ለምንሠራው ልምምድ፣ ቆላ ድባ ወጥተን በሪፖርት ተጣላን። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን፣ የኔን ስም ትቶ የራሱ አስመስሎ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አንባባልም። በአልጋዎቻችን መሀል ያለው አንድ ክንድ ነው። ሁለተኛዋ ሳሙና በር የምትኖረው የቃል ኪዳን እናቴ ናት። እማ ነው የምላት። ፍሬሽ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ በየበዓሉ ትጠራኛለች። ዘንድሮ ግን “ፈተና ነው” እያልኩ ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም። አሁን ፊቷን ማየት አፈርኩ። ሦስተኛዋ በሩ ላይ ቡና የምትሸጥልን እህታችን ናት። 480 ብር ዱቤ አለብኝ።

መውጫ ፈተናው ከፊታችን ነው። እኔ ያሰብኩት መጀመሪያ ፈተናውን ልለፍ፣ ከዚያ ሁሉንም ተረጋግቼ በደስታ ልሰናበት ብዬ ነው። ልክ ነኝ?

ጂሲው፣ ከጎንደር

መልስ

ልጄ፣ ልክ አይደለህም። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርህ። ስንብቱ ከውጤቱ በፊት ነው መሆን ያለበት።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የዶርም ስንብት ተለውጧል። ድሮ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ልጆች ካሉ፣ አራቱን ዓመት ከዘለቁ ብዙውን ጊዜ አብረው ጋውን ይለብሱ ነበር። አሁን የትምህርት ክፍሉን ፈተና ሁሉ አልፎ የመጣ ልጅ መውጫ ፈተናው ላይ 50 ከመቶ ካላመጣ አይመረቅም። ውጤቱን ደግሞ እያንዳንዱ በስልኩ ነው የሚያየው። አንዱ አልጋው ላይ ሆኖ ይከፍታል፤ ይጮኻል። ሌላው ይከፍታል፤ ዝም ይላል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ክፍሉ የድሮው ክፍል አይሆንም። ያለፈው ደስታውን ይደብቃል። ያላለፈው “ትንሽ አየር ልውሰድ” ብሎ ይወጣል። ተቃቅፎ ማልቀስ እንኳ ይከብዳል፤ ማን ለምን እንደሚያለቅስ አይለይማ።

ሐምሌ 2015 ላይ የሆነ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ገና እየከፈትኩ ነው። አንዲት ልጅ ዝናብ መትቷት በሩ ላይ ቆማለች። የያዘችውን መጽሐፍ እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልላዋለች። የክሊራንስ ወረቀቷን፣ ከግቢ ሲወጡ የሚያስፈርሙትን፣ ሰጠችኝ። በየቀኑ የማያት ልጅ ነበረች፤ ሁልጊዜ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትቀመጠው። “ጓደኞችሽስ?” አልኳት። “ገና አልነቁም” አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ገባኝ። እነሱ ሳይነቁ ልትወጣ ነው። ፈረምኩላት። “ቡና ላፍላልሽ?” ብላት መኪና ያመልጠኛል አለች። በመስኮት አየኋት፤ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ላስቲኩን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ወረደች። በነጋታው ሦስቱ ጓደኞቿ መጥተው አድራሻዋን ጠየቁኝ። ስልኳን ዘግታለች። እኔም ጋ አልነበረም።

ልጅቷ በኋላ ደግማ ተፈትና ልታልፍ ትችላለች፤ ፈተናው ይደገማል። ያ ጠዋት ግን አይደገምም።

ስለዚህ አሁን ተሰነባበቱ። አሁን ስድስታችሁም እኩል ናችሁ። ማንም አላለፈ፣ ማንም አልወደቀ። አሁን የሚነገረው ቃል ንጹሕ ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት ደግሞ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ክሊራንስ ነው። ወረቀቱ ላይ ስንት ቦታ ፊርማ እንዳለ ታያለህ። ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተር (የዶርም ኃላፊው)፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ትምህርት ክፍል፣ ሬጅስትራር። ፍራሽ ይቆጠራል። የሎከር ቁልፍ ይመለሳል። አንዱ ፈራሚ ለሻይ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ወጪ መጋራቱም አለ። በዚያ ሳምንት ልጆቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ ወረቀታቸውን ነው የሚያዩት። አራት ዓመት አብረው የበሉ ልጆች ደረጃ ላይ ይተላለፉና “የካፌው ፈራሚ አለ?” ነው የሚባባሉት። 27 ዓመት ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጬ ይህን አይቻለሁ። ለመሰናበት ያሰቡትን ሁሉ ክሊራንስ ይበላዋል።

እንዴት ላድርገው ትለኛለህ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ከፈተናው በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት አምስቱንም ወደ ቡናዋ እህታችን ይዤ እሄዳለሁ። አምስቱንም ነው ያልኩህ፤ የጎንህ አልጋ ልጅም አለበት። ከመቀመጥህ በፊት 480 ብሯን ክፈላት። ሰው ፊት አታድርገው፤ እጇ ላይ አድርግላትና “ቆየሁብሽ” በላት። ያ ዱቤ ለአንተ የኪስ ገንዘብ ነው፤ ለእሷ ግን የከሰልና የስኳር መግዣ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስንቱ ተማሪ ዱቤውን ይዞ እንደሚጠፋ ብትጠይቃት አታማም፤ ዝም ነው የምትለው። ከዚያ ተቀመጡ። አቦል ጠጥታችሁ እንዳትነሱ። ቶናውም፣ በረካውም ይጠጣ። ቡና ሦስት የሆነው ለወሬ ነው። በአቦል ሰው ስለ ፈተና ያወራል። በቶና ስለ ሥራ ያወራል። በረካ ላይ ነው ልብ ውስጥ ያለው የሚወጣው፤ ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ሰውም ይላላል።

አሁን ስለ ቆላ ድባው ጠብ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የተበደልከው አንተ ነህ። ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ስሙ መነሳት አለበት። “ተወው፣ ትንሽ ነገር ናት” አልልህም። ግን አስበው፣ የት እንደተጣላችሁ ታውቃለህ? ቆላ ድባ ደንቢያ ነው። ድሮ ደንቢያ ላይ ብዙ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እንዲከፈት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ ወረርሽኝ ነው። ኮሌጁ ሲከፈት ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው። ሦስቱ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው እንዲሠሩ ተብሎ ነው። ቲቲፒ የምትሉት በቡድን ገጠር መውጣት ከዚያ የመጣ ነው። የአንተ ሙያ እዚህ አገር የተጀመረው እዚህ ከተማ፣ በቡድን ነው። ነገ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ስትመደብ እንደ ጎንህ አልጋ ልጅ ያለ ሰው ታገኛለህ። የዚያን ጊዜ ሰባት ወር ዝም ማለት አትችልም፤ መሀላችሁ በሽተኛ አለ።

እኔ ራሴ ተጣልቼ ነው የወጣሁት። በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ከአንዲት የደሴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ደረሰን። እናቴ ቅዳሜ ገበያ የገዛችልኝ አረንጓዴ ሹራብ ነበረኝ። አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ ለብሳው ወጣች፤ ክርኑ ተቀዶ ተመለሰ። ብዙ ተናገርኳት። ከሹራቡ አልፌ ስለ አስተዳደጓ ተናገርኩ። ከዚያ ተኮራረፍን። የመጨረሻው ቀን ሻንጣዋን ስትዘጋ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። እንቅልፍ አልነበረም። ነጠላዋን ስትለብስ ሰማሁ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የምትለው ነገር ያላት ይመስለኛል። እኔ ግን አልዞርኩም። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ያንን በር 19 ዓመት ስሰማው ኖርኩ። በ1995 ዓ.ም. ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። እሷ ነች። ወፍራለች፤ ልጅ ይዛለች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው “ስለዚያ ሹራብ ይቅር በይኝ” ነው። “የቱ ሹራብ?” አለችኝ። የምሬን ነው የምነግርህ፤ ረስታዋለች። እሷ የምታስታውሰው ትኩሳት ይዟት ሳለ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ሳደርግላት ማደሬን ነው። ያንን ደግሞ እኔ ረስቼዋለሁ።

ስለዚህ ልጁን “ስለ ሪፖርቱ እንነጋገር” አትበለው። ያ ክርክር ይሆናል፤ እሱም መልስ ያዘጋጃል። በረካው ሲቀዳ፣ ወይም ወደ ዶርም ስትመለሱ ትንሽ ወደ ኋላ ቅሩና እንዲህ በለው፦ “ቆላ ድባ ላይ ስሜን ስትተወው በጣም ከፍቶኝ ነበር። ሳልነግርህ ሰባት ወር ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው። ተቀይሜህ መሄድ አልፈልግም።” በቃ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በላይ ከጨመርክ ይበላሻል። ይቅርታ ከጠየቀህ እጁን ጨብጠው። ዝም ካለህም አትቆጣ፤ የተሸከምከውን አውርደሃል። በማግስቱ ጠዋት ግን ቀድመህ “እንዴት አደርክ” በለው። እሱ ባይመልስም በለው።

ወደ ቃል ኪዳን እናትህ ልምጣ። ይህ ለኔ ቅርብ ነው። ሌላ ቦታ ላላችሁ አንባቢዎች፣ ጎንደር ላይ ከሩቅ የመጣ ተማሪ ባይተዋር እንዳይሆን ከከተማው ቤተሰብ ጋር ቃል ኪዳን ይተሳሰራል። ተማሪው በበዓል የሚሄድበት፣ ሲታመም የሚጠራው ቤት ይኖረዋል። እኔም አንዲት የአዳማ ልጅ ነበረችኝ። እማዬ ነው የምትለኝ። ልትመረቅ ስትል እንደ አንተ ጠፋች። ፈተና ነው፣ ጋውን ነው፣ ፎቶ ነው። እኔ ደግሞ “ከመሄዷ በፊት መምጣቷ አይቀርም” ብዬ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ቡናውን ቆላሁ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። “እማዬ፣ አዘዞ ነኝ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው። አትቀየሚኝ፣ ጊዜ አጣሁ።” ከኋላዋ ማስታወቂያው ይሰማል። “በሰላም ግቢ ልጄ” አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ሲኒዎቹን አየሁ። ስድስት ሲኒ ነበር የደረደርኩት። ጎረቤቶቼን ጠርቼ ዳቦውን ቆረስን። ተቀይሜያት አይደለም። ልመርቃት ነበር የፈለግሁት።

ይህንን ልብ በል። አዳራሽ ውስጥ የሚመርቅህ ሰው ስምህን ከወረቀት ነው የሚያነበው። እናትህ ግን አንድ አንድ ነገርህን እያነሳች ነው የምትመርቅህ። ሁለቱም ምርቃት ነው የሚባሉት። ሁለተኛው እንዳያመልጥህ።

ስትሄድ ደውለህ ምክንያት አትደርድር። ዝም ብለህ ሂድ። አሁን ሐዋርያት ጾም ነው፤ እስከ ሐምሌ 5 ይቆያል። ስለዚህ ዶሮ አትጠብቅ፤ እሷም “ምን ላብላው” ብላ አትጨነቅ። ሽሮና ቆሎ ይበቃል። ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ይዘህ ሂድ። በሩ ላይ “ፈተና በዝቶብኝ” አትበላት። “ጠፋሁብሽ እማ፤ ከዚያ አፍሬ ቀረሁ” በላት። እናቶች እውነት ሲነገራቸው ቶሎ ነው የሚረሱት። ትቆጣህ ይሆናል። ትንሽ ትቆጣህ፤ ቁጣውም ድርሻህ ነው።

እዚያው ተቀምጠህ ሶዶ ደውል። ሁለቱን እናቶችህን አገናኛቸው። የወለደችህ እናት አማርኛ ካልቻለች አንተ መሀል ሆነህ ተርጉም። አንዷ “አደራዬን ጠብቀሽልኛል” ትላለች፣ ሌላዋ “የኔም ልጅ ነው” ትላለች፣ አንተ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ስትተረጉም፣ ያኔ እናትህ ፊት ያፈንከውን ለቅሶ ታለቅሳለህ። አልቅስ። መናኸሪያ ላይ ያላቀፍካትን እናትህን እንደዚያ ነው የምታቅፋት። ስትነሳ ጎንበስ በል። እጇን ራስህ ላይ አድርጋ እስክትጨርስ ቀና አትበል። “አሜን” በል። የሃይማኖታችሁ ልዩነት ለዚህ አያግድም፤ ምርቃት ለሁሉም ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ከተማዋም። አራት ዓመት ጎንደር ኖሮ የፋሲልን ግንብ አጥር ብቻ አይቶ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው። ሁልጊዜ “አንድ ቀን እገባለሁ” ይላል። ከግቢ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ግቢ፤ በቃ። ዓለም ከሩቅ መጥቶ የሚያየው ነው፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ከጓደኞችህ ጋር ግቡ። የፋሲል ብቻ መስሏችሁ እንዳትቀሩ፤ የእነ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ የእነ በካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብም እዚያው አንድ ቅጥር ውስጥ ነው። ጊዜ ካላችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ከተረፉት አንዱ ነው። የከተማው ሰው “ንብ ነው ያዳነው” ይላል፤ ወራሪውን የንብ መንጋ አባረረው ይባላል። ጎብኚ ይገባል፤ ጫማችሁን አውልቁ። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው። የትም ብትቆሙ ቁልቁል ያዩአችኋል። እኔ ሲጨንቀኝ እሄድና አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አያለሁ።

ዶርሙን ስትለቁ ግድግዳ ላይ ስማችሁን አትጻፉ። ይልቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያችሁንና ባልዲውን ትታችሁ ሂዱ። በመስከረም የሚመጣው ፍሬሽ መጀመሪያ የሚያጣው እነሱን ነው። ፕሮክተሩን ንገሩት፤ ያስቀምጥላችኋል።

ሌሊት መንቃትህን ደግሞ እንደ በሽታ አትየው። ሰው ሊለየው ያለውን ነገር ሌሊት ነው የሚቆጥረው። እኔ ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ የመጽሐፍ መደርደሪያዎቹን በሕልሜ እቆጥር ነበር። ስትነቃ የአምስቱን ትንፋሽ ስማ። የምታንኮራፋው አንተ ልትሆን እንደምትችልም እነሱን ጠይቃቸው፤ በረካ ላይ ጥሩ ወሬ ይሆናል።

ጥያቄ

እትዬ፣ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ዘንድሮ እመረቃለሁ። ለጋውን፣ ለሱፍ፣ ለያርቡክ፣ ለክሬዚ ደይ ቲሸርት፣ ለፎቶ ገንዘብ ይጠየቃል። አባቴ “ልጄ ከጓደኞቿ እንዳታንስ” ብሎ ሁለት በግ ሊሸጥ ነው። ከልክለው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ

ልጄ፣ ከልክይው። ግን “አልፈልግም” ብለሽ አይደለም፤ አባት እንደዚያ ሲባል ይከፋዋል። “ገንዘቡን ለመንገድ አድርገው፤ አንተና እማ መጥታችሁ እዩኝ” በይው። ከደብረ ታቦር ጎንደር ሩቅ አይደለም። አባትሽ ካልመጣ ሱፉ ለማን ነው?

ጋውን ያስፈልጋል፤ እሱን ተከራዪ። ቀሚስ ከእህት ወይም ከጓደኛ መዋስ ነውር አይደለም። ያርቡኩን ተይው። የመጨረሻ ቃልሽን በሰው መጽሐፍ ላይ ካልታተመ የሌለ አይመስልሽ፤ ደብተር ገዝተሽ ለዶርም ልጆች ስጪያቸውና እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ በእጃቸው ይጻፉልሽ። ፎቶ ግን አንድ አሳጥቢ። በስልክ ያለው አይቆጠርም፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ፒያሳ ፎቶ ቤት ሂጂና ከአባትሽና ከእናትሽ ጋር የተነሳሽውን በወረቀት አሳትመሽ ለአባትሽ ስጪው። ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅለው እኔ አውቃለሁ። በጎቹን ደግሞ ለመስቀል ያቆያቸው።

ጥያቄ

እኔ ተማሪ አይደለሁም እህቴ። ካፌ ውስጥ ምግብ አዳይ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ለእነዚህ ልጆች ሽሮና ምስር ጨልፌያለሁ። ማን እንጀራ እንደሚጨመርለት፣ ማን ወጥ እንደሚበዛበት በፊታቸው አውቃቸዋለሁ። ሐምሌ ሲመጣ አንድ ቀን ትሪ ይዘው ይመጣሉ፤ በማግስቱ የሉም። ቻው የሚለን የለም። እንዲህ ብሎ ማዘን ሞኝነት ነው?

መልስ

አይደለም እህቴ። እኔም ያንቺን ያህል አይቻለሁ። ለኔ ቢያንስ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ፊርማ ስለሚፈልጉ ያዩኛል። አንቺ ጋ የሚያመጣቸው ረሀብ ነው፤ ሲጠግቡ ይሄዳሉ። ልጆች ናቸው። ክፋት የለበትም፤ ማንም አላስተማራቸውም።

ስለዚህ አንቺ ጀምሪ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትሪውን ሲዘረጉልሽ “ጂሲ ነህ?” በይው። “አዎ” ካለ “ስምህ ማነው?” በይው። አራት ዓመት በፊቱ ብቻ ያወቅሽውን ልጅ ስሙን ስትጠይቂው ይደነግጣል። ከዚያ እሱም ስምሽን ይጠይቅሻል። የሚጠይቅ ይኖራል። አንድ የማውቀው ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሥራ ጎንደር ሲመጣ መጀመሪያ የሄደው ካፌው ጓሮ ነው፤ ስሟን ስለሚያውቅ በስሟ ጠርቶ አስጠራት።

ደብዳቤሽን እንዳለ ያተምኩት ልጆቹ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ገጹን ቆርጠሽ ትሪ ከሚያነሱበት መደርደሪያ በላይ ለጥፊው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቆመው ያነቡታል።